ከሰልፍ የማይወጡት ሁለቱ

ሥራው አሰልቺ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ሰልፍን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ከዩኒቨርሲቲ ሰጡኝ። የተጻፈበት ቋንቋ ሌላ፣ የቡላዋዮው ክሊኒካችን ካርዶች የሚመዘገቡበት ቋንቋ ሌላ። አንዱን ወደ ሌላው ስገለብጥ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስንፍና ያዘኝና የፈጠራ በሽተኞች በማዘጋጀት ፈንታ የእውነተኞቹን ካርዶች ሰጠሁት። እሱም ተራቸውን በዕጣ እየደለደለ ያሰልፋል፣ ያስገባል፣ ያስወጣል።

ሁሉም ወጡ፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ። አንደኛው ኩሉ ምፓላ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ከሞቱ ሦስት ሳምንታቸው። ከኋላቸው ያለችው እናቴ ናት። እማ ልቧን ታማለች፤ በየማታው ግን «አዩኝ፣ መድኃኒቱ ነገ ይመጣል» ትለኛለች።

የሽማግሌው ነገር ገባኝ። በክሊኒኩ ቋንቋ የተሰረዘ ካርድ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ካልጠረጉት እዚያው ነው። ጠረግኩትና ደግሜ አስኬድኩት። ዕጣው ተቀያየረ፣ እማ አሁንም አልገባችም። ከፊቷ ስም የሌለው ባዶ መስመር ቆሟል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥር ጊዜም ያው ነው። ወይ ጉድ! ፈራሁ፣ ምን ልደብቅ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። እኛ ጋ ሰው በንጋት መጥቶ በሰልፉ ላይ ተራ የሚይዝለት ድንጋይ ያስቀምጥና ጥላ ሥር ይቀመጣል። «ጠብቂልኝ» የተባለች ደግሞ የድንጋዩ ባለቤት ሳይገባ አትገባም። ከእማ ድንጋይ ፊት አንድ ድንጋይ ነበር። ጥላው ሥር የተቀመጠችውን እማን የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የኩሉ ምፓላ። ጠብቂልኝ ብለውኝ ሄዱ።»

«እማ፣ ሞተዋል እኮ። አብረን አይደል የቀበርናቸው?»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን ተራቸው መች ደረሳቸው?»

ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድንጋያቸውን ከራሷ ፊት እያስቀመጠች፣ ሌላውን እያሳለፈች፣ ሳትታይ ነው የምትመለሰው። ጮህኩባት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ድንጋዩን ልረግጠው እግሬን ሳነሳ ግን አስተያየቷ አቆመኝ።

አብሮ አደጌ ወደሆነችው ነርስ ወደ ሲዱዱዚሌ ሮጥኩና ኩሉ ምፓላን በስማቸው ጥሪልኝ አልኳት። አበድሽ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የአገሩ ልጅ ናት፤ ምንም ሳትጠይቀኝ በሩን ከፍታ ጠራቻቸው። ጥቂት ጠበቀችና በሩን ዘጋችው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆየች። ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ፣ እሷም ዝግ ባለ ድምፅ የት የት እንደሚያማቸው ስትጠይቅ ሰማሁ።

ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። የእናቴን ስም ጠራች።

«አቤት» አለች እማ፣ ድንጋዮቹ ከተሰለፉበት በኩል።

ዞር ብል እዚያ ማንም የለም። እማ ጥላው ሥር ተጋድማለች፤ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ከበዋት ዓይኗን ይከድኑላታል።

ሲዱዱዚሌ በሩን እንደያዘች ለሆነ ሰው መንገድ እንደምትለቅ ፈቀቅ ብላ «ይግቡ፣ እናቴ» አለች።