በማር የታሰረ እጅ

አያ ዘመነ ደሳለውን ማር ያስላሱት ለፍቅር ብለው አልነበረም። ባለሙያ እንዳያመልጣቸው ነው።

ያኔ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ መኪና ሞልቶ አሳምሮ የሚያሠራው ሰው ጠፋ። ሙያውን የሚያውቀው ገሚሱ ወደ ወርቅ ቁፋሮ፣ ገሚሱ ወደ ባሕር ዳር ነጎደ። የቀረ ቢኖር የአያ ዘመነን መኪና የሚያሠራው ደሳለው ነው። ይህ የቁሐር ሚካኤል ልጅ የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ፣ የወጣውን ሩዝ በመዳፉ አሸት አድርጎ፣ ብሎኑን ፀጉር ታህል ያላላል ወይ ያጠብቃል፤ ፍሬው ሳይሰበር እንደ ዶቃ ይንዠቀዠቃል።

ደመወዝ ቢጨምሩለት ሌላው አስበልጦ ይጨምርለታል። ስለዚህ አያ ዘመነ ለኅዳር ሚካኤል ደግሰው፣ በካህን ፊት አውራ ጣታቸውን በማር ነክረው እንደ ጡት አጠቡት። የጡት ልጅ ሆነ። የጡት ልጅ አባቱን ጥሎ ለባላንጣ አያድርም፤ እጁን ካነሳበትማ ርጉም ነው። ከዚያ ወዲያ አያ ዘመነ ለጥ ብለው ተኙ።

ዘንድሮ በታኅሣሥ፣ ገበሬው ሩዙን በጋሪ ጭኖ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፎ ሳለ፣ ደሳለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና እሑድ ወደ ይፋግ እንደሚሄድ ነገራቸው። እዚያ ሰውመሆን የሚባል ነጋዴ አዲስ መኪና ተክሏል።

አያ ዘመነ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ለመኑት። የመኪናውን እኩሌታ በስሙ እንደሚያዞሩለት በሚካኤል ማሉ። ደሳለው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ፣ አያ ገብረ ሐና፣ በሽመላቸው ጎሸም አደረጉትና ማር የላሰ አፍ እንዲህ አይናገርም አሉት።

«እሱ ማር ነው የሚያባርረኝ» አለ ደሳለው። «ልጅዎን ሰገንን እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች። ያን ቀን ማሩን ባያጠቡኝ ሽማግሌ እልክብዎ ነበር። አሁን እህቴ ናት። በየቀኑ እህቴ ብዬ እየጠራኋት ከእናንተ ቤት መብላት አልቻልሁም።»

ከጋሪዎቹ መሀል አንዱ «እህቱን?» ብሎ ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ይህችን ምራቅ አያ ዘመነ አልቻሏትም። የሽማግሌውን ሽመል ነጥቀው ትከሻው ላይ አሳረፉበት። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን መታው፤ ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ደሳለው ሁለት እጁን ከወገቡ ጀርባ ቆልፎ ቆመ። ሊገላግል የገባውን ገበሬ አያ ዘመነ በክርናቸው አፉን አሉት፤ ጥርሱን ይዞ ተቀመጠ።

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

ጎኑ ላይ። ጉልበቱ ላይ። ተንበረከከ፤ እጁን ግን ከጀርባው አልፈታም።

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ፣ አባቴ።»

ለካ መኪናውን የሚጠብቅ አልነበረም። ከሩዙ ጋር ድንጋይ ገብቶ ኖሮ ብረቱ ማንቋረር ጀመረ። ከሰዉ ሁሉ ቀድሞ የሰማው ደሳለው ነው። እየተደበደበ ዞረ፤ ሦስት ዓመት የለመደ ቀኝ እጁ ከጀርባው ተፈትቶ መኪናውን ወደሚያቆመው መዝጊያ ተዘረጋ። ለጀርባው የተሰነዘረው ሽመል የተዘረጋውን እጅ ከመዝጊያው ብረት ጋር አጣብቆ አገኘው። እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ አለ። ሁለት ጣቶቹ ወደ ኋላ ታጠፉ፤ ከአንደኛው ነጭ አጥንት ብቅ አለ።

መዝጊያው ግን ተዘግቶ ነበር። መኪናው አንገራገረና ጸጥ አለ።

ደሳለው እጁን ደረቱ ላይ ታቅፎ ገለባው ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ቀና ብሎ አያቸው።

«ይኸው፣ ቀረሁልዎ» አለ። «ከእንግዲህ ይፋግም አይፈልገኝም።»

ሰገን ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ነጠላዋን ቀድዳ እጁን ስታስር አባቷን ቀና ብላ አላየችም። ገበሬው የሩዝ ማዳበሪያውን እያነሳ መልሶ ጋሪው ላይ ይጭን ጀመር።

አያ ዘመነ ሽመሉን ጣሉት። ድንጋዩን በእጃቸው ዝቀው አወጡና መኪናውን አስነሡ፤ ብሎኑን ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ወደ ግራ አዞሩት። ሩዙ ድቃቂ ሆኖ ወረደ። አሁንም አዞሩት። ድቃቂ። ያንን በመዳፋቸው ዘግነው ወደ ደሳለው ዘረጉለት።

ደሳለው ብሎኑ የት ላይ እንደሚያዝ ከድምፁ ያውቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።