የጋሽ ገብረጻድቃን ጀርባ

ሐናን አናቶሚና ፊዚዮሎጂን አንዴ ወድቃለች። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሆኖ አናቶሚ መውደቅ፣ ሾፌር ሆኖ ፍሬንና ነዳጅ አለመለየት ማለት ነው፤ ይህንንም ያልነገራት ሰው የለም። ኮሌጁ አንድ የመጨረሻ ድጋሚ ፈተና ፈቀደላት፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ። እሱን ከወደቀች በቃ፣ ሦስት ዓመት የተለፋበት ትምህርት ውኃ በላው፤ ከእናቷ ከጀሚላ ጋር ጨርቅ መሸጥ ነው።

ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፣ አላህ ያውቃል። ቃሉን ሁሉ እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ችግሩ ከመጽሐፉ ቀና ስትል ነው፤ የቱ ጡንቻ የት እንዳለ ጠፍቷት ቁጭ!

"አጥንት በወረቀት አይታወቅም ልጄ፣ በጣት ነው" አሏት ጋሽ ገብረጻድቃን።

ጋሽ ገብረጻድቃን ወጌሻ ናቸው። ካዛንቺስ አርባ ዓመት የሰው አጥንት ሲያቃኑ ኖረው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ላንቻ እነ ሐናን ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ። ሚስት ሞታባቸዋለች፣ ልጅ የላቸውም። ሐናን ስድስት ዓመቷ ላይ ክንዷ ወልቆ ካዛንቺስ ስትወሰድ የመለሱላት እሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት እጃቸውን ነክሳቸዋለች፣ እስከ ዛሬም ይስቁባታል። እና ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ በረንዳው ላይ በርጩማ ስበው ጀርባቸውን ሰጧት። "ነይ ዶክተሯ፣ አንብቢኝ!"

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት። እሳቸው ከቅዳሴ መልስ፣ እሷ ከትምህርት ስትመጣ፣ ሁለቱም በባዶ ሆድ ይገናኛሉ። ሐናን በእስክሪብቶ የጡንቻውን ዳርቻ ጀርባቸው ላይ ታሰምራለች፣ የላቲን ስሙን ትጽፋለች፣ በጣቷ ትከተለዋለች። ጀሚላ እዚያው አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጠች "እኚህን ሰውዬ ደብተር አደረገቻቸው" ትላለች። "ምን አለበት?" ይላሉ እሳቸው፣ "ዛሬ ቅዳሴውን ላቲን ተሸክሜ ነው ያስቀደስኩት።"

መጀመሪያ ሳምንት የትከሻቸውን አጥንት ጠርዝ እንኳን ማግኘት አቅቷት ነበር። ጋሽ ገብረጻድቃን ደንዳና ሰው ናቸው፣ ጣት ቢጫኑት ሥጋ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጠርዙ ራሱን ችሎ ወጣ። በአምስተኛው ሳምንት ክንዳቸውን ሲያነሱ ጎናቸው ላይ፣ ከጎድን አጥንት ጋር እንደ ጣት የተሰካካው ጡንቻ አንድ በአንድ ተቆጠረ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ራሱ እንዲያ ጥርት አይልም።

"ኧረ ጋሼ! ሰራተስ አንቴሪየር! ወላሂ ሁሉም ታየኝ!" ብላ ዘለለች። እሳቸውም ደስታዋ ተጋብቶባቸው ሳቁ።

እስቲ ፍረዱ! ልጅቱ ጡንቻውን አየችው፣ ሰውየውን ግን አላየቻቸውም። ግን እሷን ብቻ ምን አስወቀሳት? እኛ አገር ሁዳዴ ላይ የከሳ ሰው ምን ሆንክ ተብሎ አይጠየቅም፤ ይመሰገናል እንጂ። የሰፈሩ ሰው "አይ ጋሽ ገብረጻድቃን፣ የድሮ ሰው ጾም!" እያለ እጅ ይነሳቸዋል። ጀሚላ ለማፍጠሪያ ከምትሠራው ሾርባ፣ ሥጋ ሳይገባበት፣ በየቀኑ ትልክላቸዋለች፤ ሾርባውን ይጠጣሉ፣ የምስር ሳምቡሳው ግን እንዳለ ይመለሳል። አንድ ቀን ተጠራጥራ "ሐናን፣ ሰውየው በጣም አልከሱም?" አለች።

"ጾሙ ነዋ እማ። እኔስ አልከሳሁም?"

ኢድ ሆነ፣ ሐናን ጉንጯ ተመለሰ። ጋሽ ገብረጻድቃን ገና ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበርና አሁንም ጾሙ ነው ተባለ። የፋሲካ ዕለት ጎረቤት ዶሮ አቀረበላቸው። አንድ ጉርሻ ጎረሱ፣ ብዙ አላመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሶፍት አወጡት። "ሁለት ወር የቦዘነ ጉሮሮ እኮ ነው፣ እስኪለምድ..." አሉ። ሐናን አየች። አየችና አመነች፤ ልቧ ረቡዕ ላይ ነበር።

ረቡዕ ኦሎምፒያ አካባቢ ኮሌጇ ገብታ ተፈተነች። የጀርባውን፣ የትከሻውን፣ የጎኑን ጥያቄ ዓይኗን ሳታሽ ሠራችው። የመጨረሻው ጥያቄ የፊዚዮሎጂ ነበር፦ የሚጾም ሰውና ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው ሲከሱ ልዩነቱን አስረዱ ይላል። ቀላል ነው። የሚጾም ሰው፣ ማታ ማታም ቢሆን እስከበላ ድረስ፣ በቅድሚያ የሚቀልጠው ስቡ ነው፣ ጡንቻው በአብዛኛው ይተርፋል። በሽታ ግን ስቡንም ጡንቻውንም አብሮ ይበላል፤ ትከሻ ይሰረጉዳል፣ የጀርባ አጥንት ያገጥጣል፣ የጎን ጡንቻ...

እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። የምትጽፈው ከመጽሐፍ አልነበረም። የምትጽፈው በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነበር።

ወረቀቷን ሰጥታ ታክሲ እንኳን ሳትጠብቅ እስከ ላንቻ እያለቀሰች ሮጠች። በማግሥቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ምርመራው አሥር ቀን ፈጀ፤ በዚያው መሃል የፈተናው ውጤት መጣ፣ ዘጠና አንድ። ሐናን ለማንም መናገር አልፈለገችም፤ የግቢውን ሰው እየጠሩ ያበሰሩት ጋሽ ገብረጻድቃን ናቸው።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሟ ሐናንን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አናገረቻት። የምግብ ቧንቧቸው ላይ የበቀለው ነቀርሳ ጉበታቸው ደርሷል። "ከሁለት ሦስት ወር በፊት ቢሆን የምንሞክረው ነገር ነበር" አለች። "አሁን ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ..." ሐናን ጣቶቿን አየቻቸው፣ በየቀኑ ያን ጀርባ ሲዳስሱ የከረሙትን ጣቶቿን፣ ጠላቻቸው። ከእንግዲህ በየትኛው እጇ የሰው ገላ ትነካለች?

አብረው ወደ ክፍሉ ተመለሱ። ጋሽ ገብረጻድቃን አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን፣ "አባቴ፣ ምግብ አልዋጥ ሲልዎት፣ እንዲህ ሲከሱ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ሐኪም ጋ አልሄዱም?" አለቻቸው።

"ሐኪምማ ግቢዬ ውስጥ አለችኝ!" አሉ፣ በቀጭን ጣታቸው ሐናንን እያሳዩ። "ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ልብሴን አውልቄ ታየኝ ነበር። ጉሮሮዬን ሲይዘኝ እኔም ደንገጥ ብዬ ነበር፣ አልዋሽሽም። ኋላ ግን፣ አንድ ነገር ቢኖርብኝ ይቺ ልጅ ዝም አትለኝም ብዬ ተውኩት። ዘጠና አንድ እኮ ነው ያመጣችው!"

ሐኪሟ ቀና ብላ ሐናንን አየቻት። ሐናን አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ገብረጻድቃን ሙገሳው ያሳፈራት መስሏቸው ፈገግ አሉ። "ምን ያሽኮረምማታል" አሉ፣ "የሚገባት ነው።"