የአዴ ዱረቲ ጓዳ

ግንበኛው ተካ ሲባጎውን እየጎተተ የጓዳውን በር በጀርባው ገፍቶ ሲገባ፣ አዴ ዱረቲ የጎረሱትን ሳያላምጡ ዋጡና ሳህኑን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡ። ተካን አፍረው አይደለም። ተካ ዘሩ ከጎጃም ይሁን እንጂ እዚሁ ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ፣ ይህንኑ ቤት ከሟቹ ባላቸው ጋር የገነባ የቤት ሰው ነው። ያፈሩት የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ይዞ ከኋላ የተከተለውን የልጃቸውን ባል፣ ጋሩማን ነው። በኦሮሞ ወግ አማት በአማች ፊት አይበላም። አዴ ዱረቲም ሊሊሴን ከዳሩ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ በፊቱ አንዲት ጉርሻ ጎርሰው አያውቁም። የሚናገሩት ነገር ሲኖርም በሦስተኛ ሰው በኩል ነው።

"ይቅርታ ሀርሜ፣ አላየሁዎትም!" አለ ጋሩማ ፊቱን አዙሮ። እናቴ ማለቱ ነው።

ጋሩማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ንድፍ ያስተምራል፤ ወረቀት ላይ ግድግዳ ማፍረስ ደግሞ ነፍሱ ነው። በእሱ ንድፍ ቤቱ ወደ ጓሮ ሦስት ሜትር ይሰፋል፤ ሳሎኑ፣ ጓዳውና ወጥ ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ይሆናሉ። በመንገዱ በር የገባ ሰው ጓሮ ያለውን የአቮካዶ ዛፍ ቁልጭ አድርጎ ያያል። ሊሊሴ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚሁ ቤት ጸሎት ሲደረግ ግማሹ ሰው በረንዳ ላይ መቆሙ ሊቀርላት ነው።

አዴ ዱረቲስ? ጓዳ የሌለው ቤት ውስጥ የት ተቀምጠው ሊበሉ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ አሉ በሆዳቸው። ለማን ይናገሩት! አማችን "በፊትህ አልበላም" ማለት ራሱ ነውር ነው፤ ሊሊሴ እንደሆነች ትስቃለች። እናም ዲጋ ላለችው እህታቸው ደውለው፣ "ቤቱ እስኪያልቅ አንቺ ጋ ልሰንብት" ብለዋታል። እስኪያልቅ ይበሉ እንጂ እንደማይመለሱ ልባቸው ያውቀዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት የኖሩበትን ቤት በአንድ ሳህን ምክንያት ሊለቁ መሆኑ አንጀታቸውን አሳረረው።

"ይሄ ግድግዳ ዛሬ ከሰዓት ይወርዳል" አለ ጋሩማ።

"ለአፍ ዳገት የለውም" አለ ተካ። "ማፍረሱስ ቀላል ነው መምህር። ጠይቀሃቸዋል ወይ?"

"ማንን?"

ተካ በአገጩ ወደ ነጠላው ጠቆመ። የሽሮው እንፋሎት በነጠላው ክር መሀል ሽቅብ እየወጣ ነበር።

ጋሩማ ነገሩ ገባውና ጆሮው ሳይቀር ቀላ። "ጋሽ ተካ፣ ለምን ላፈርሰው እንደፈለግኩ ያውቃሉ?" አለ። "እናቴ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ሊሊሴን ሳገባ እናት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሳወራ!"

አዴ ዱረቲ ልጁ እንዲህ የከፋው አልመሰላቸውም ነበር።

"ተካ፣ ለሶዳዬ ንገርልኝ" አሉ፤ ሶዳቸው፣ አማቻቸው ማለት ነው፣ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል። "የምሸሻቸው ጠልቼ አይደለም በላቸው። አክብሬ ነው። እናቴም አባቴም ያሳዩኝ ይህንኑ ነው።"

"እየሰማሁ ነው ሀርሜ።"

"እንዳልሰሙ ሆነው ይስሙ በላቸው!"

ተካ ሳቁን ለመደበቅ አጎንብሶ የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረው። ሊሊሴ ድምፅ ሰምታ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

"እማ፣ አክስቴ ደወለችልኝ። ዲጋ ልትቀሪ ነው እንዴ?"

አዴ ዱረቲ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ለጋሩማ ይኸው በቂው ነበር።

"በቃ፣ ግድግዳው ይቅር" አለና ሲባጎውን በእጁ ላይ መጠቅለል ጀመረ። አንገቱን ደፍቶ ሲጠቀልል አዴ ዱረቲ በነጠላቸው ጠርዝ በኩል አዩት። የፈለጉት ሆነላቸው፤ ደስ ግን አላላቸውም። ጓዳቸው ተረፈች፤ ይሄ ልጅ ግን ነገም ከነገ ወዲያም ብቻውን ከግድግዳ ጋር ሊያወራ ነው።

"ተካ፣ አይጠቅልሉት በላቸው" አሉ ድንገት። ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አኖሩና በርጩማቸውን ግድግዳው ሥር ስበው ቁጭ አሉ። "ሜትርህን አምጣ። ከወለሉ እስከ አፍንጫዬ ለካኝ።"

"እስከ ምንዎ?"

"እስከ አፍንጫዬ! ጆሮህን ታመሃል?"

ተካ ተንበርክኮ ለካ። "ዘጠና ሁለት" አለ።

"ከዚያ በላይ ያለውን አፍርሰው፤ ከዚያ በታች አንድ ብሎኬት እንዳትነካ። ስበላ አፌ አይታይ። ሲያወሩኝ ግን ዓይኔን ይዩት።"

ሊሊሴ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ጋሩማ ንድፉን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ እርሳሱን አወጣ።

"ጋሽ ተካ" አለ፣ የልማዱን መንገድ ጠብቆ፣ "በርጩማው በየት በኩል እንዲሆን ነው የሚፈልጉት? ይጠይቁልኝ።"

ተካ ሊያስተላልፍ አፉን ሲከፍት አዴ ዱረቲ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አማቻቸውን ቀጥ ብለው አዩት።

"ከእርስዎ ወንበር ፊት ለፊት" አሉት።