የነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ

የያለምወርቅን ምስጢር ለቀበሌው ሁሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፤ ስብሰባው ስለረዘመብኝ ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት፣ የካቲት ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቄ ከአምበር ራቅ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። መንግሥት መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የነጻ ሕክምና ደብተር ይሰጣል፤ ለቀበሌያችን የተፈቀደው የአርባ አባወራ ብቻ ነው። ማን ደሃ እንደሆነ የሚወስነው ሕዝቡ ነው። የሊቀመንበሩ ዘመድ ተደብቆ እንዳይገባ በሚል የእያንዳንዱ አመልካች ስም በስብሰባ ይነበባል፤ ያልተስማማ እጁን ያወጣል። መመሪያው ላይ ሲያነቡት ጥሩ አሠራር ይመስላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬ ማሰልጠኛው አዳራሽ ተሰበሰብን። እኔ የጤናው ተወካይ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ያለኝ የዕረፍት ቀን እሱ ብቻ ነው፤ ልብሴን ዘፍዝፌ ነበር የመጣሁት። ሊቀመንበሩ አቶ አንሙት እያንዳንዱን ስም ሁለት ሁለት ጊዜ ያነባል። አንዲት በግ የሽማግሌው ናት ወይስ የልጃቸው በሚል ክርክር ብቻ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ገና ሃያ ሦስተኛው ስም ላይ ነበርን። እግሬ በመቀመጥ ብዛት ደንዝዟል።

ሃያ አራተኛዋ ያለምወርቅ ነበረች።

ያለምወርቅ ባሏ የሞተባት፣ ለድግስና ለማኅበር ጠላ እየጠመቀች የምትኖር ሴት ናት። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ነግረዋታል። ደብተሩን ካላገኘች መክፈል አለባት፤ የምትከፍለው የላትም። ይህንን ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ሌላውን ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች አራት ዓመቷ ነው። መድኃኒቱ እኛም ጋ በነጻ ይሰጣል፤ እሷ ግን የሚያውቃት እንዳያይ በየሁለት ወሩ ማርቆስ ድረስ ሄዳ ታመጣለች። ቫይረስ አለባት የተባለችን ሴት ጠላ ማን ይጠጣል? ለእኔ የነገረችኝም ወዳ አይደለም፤ አንድ ክረምት መንገዱ ተቋርጦ ክኒኑ ሊያልቅባት ሲል ነው። በሄደች ቁጥር አንድ ቁና ነጭ ሽንኩርት በማዳበሪያ ይዛ ትሳፈራለች። ለጠየቃት ሁሉ “ልነግድ ነው” ትላለች።

አቶ ደመላሽ እጁን አወጣ። የእሱና የእሷ ቤት በአጥር ይገናኛል።

“እኔ በያለምወርቅ ላይ ቂም የለኝም” አለ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሁለት ዓመት በቅቶኛል። “ግን ደሃ ናት ወይ? በየሁለት ወሩ ማርቆስ ናት። እኔ ማርቆስን ያየሁት አንዴ ነው፤ እሱም ታስሬ!”

ሰው ሳቀ።

“አራት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ትነግዳለች። ለመኪና ያላጣች ለሐኪም ታጣለች?”

“ያለምወርቅ፣ መልስ አለሽ?” አለ አንሙት።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። “አያዋጣም” አለች።

“ካላዋጣ ምን ያመላልስሻል?” አለች አንዲት ሴት ከኋላ። “ወይስ ማርቆስ ውሽማ አለ?”

“ቢኖርማ እሱ ያሳክመኝ ነበር!”

አሁን የተሳቀው ለእሷ ነበር። ደመላሽ ግን አልተቀመጠም። “ከነጋዴ ዝርዝር ትግባ እንጂ ከደሃ ዝርዝር አትግባ። ከሷ በታች ስንት ሰው አለ።” አንሙት እስክሪብቶውን ስሟ ላይ አሳረፈ። ሊሰርዛት ነው። ያለምወርቅ ወደ እኔ አየች። ተናገሪ ማለቷ ይሁን ዝም በይ፣ አላወቅኩም። ለማወቅም አልሞከርኩም።

“አይነግዱም” አልኩ። “የሚሄዱት ለሕክምና ነው።”

“ለማህፀኑ?” አለ አንሙት። “እሱማ የተገኘባት በኅዳር አይደል? በምን አወቅሽ፣ ሲስተር?”

አዎ፣ ለማህፀኑ ነው፤ ሕመሙ የቆየ ነው ብል ያበቃ ነበር።

“አቶ አንሙት፣ አራት ዓመት ሙሉ በየሁለት ወሩ ለሕክምና የሚመላለስ ሰው እንዴት ነጋዴ ይባላል? ሽንኩርቱ ለይምሰል ነው። ይመዝገቡና እንለፍ።”

ማንም አልሳቀም። አራት ዓመት፣ በየሁለት ወሩ፣ በሽንኩርት የሚሸፈን ሕክምና። ስለ ቫይረሱና ስለ መድኃኒቱ ትምህርት ሲሰጥ ይህ አዳራሽ ስንት ጊዜ ሞልቷል፤ አንዳንዱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱ ገብቷቸው ነበር።

ደመላሽ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከያለምወርቅ ጎን የነበረችው ሴት ሕፃኗን ከአንዱ ጭኗ አንሥታ ወደ ሌላው አዛወረች። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው “ትመዝገብ፤ ይብቃ” አሉ። የተቃወመ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ “በሙሉ ድምፅ ጸደቀ” ብዬ ጻፍኩ። አንሙት ሃያ አምስተኛውን ስም አነበበ።

ደብተሮቹ ማኅተም ተመትቶባቸው እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ያለምወርቅ ሐሙስ ጠዋት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“እትዬ ያለምወርቅ፣ ይቅርታ” አልኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

“የት ልፈርም?”

አሳየኋት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች።

“የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ጠላውን ሌላ ሰው ይጥመቀው ብለዋል” አለች ጣቷን በወረቀት እየጠረገች። “ልጠምቅለት የነበረው የአወቀ ሰርግም ቀርቷል። ማለቴ፣ ሰርጉ አልቀረም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።”

“በጠላ አይተላለፍም እኮ። እንደገና ሰብስቤ ላስተምራቸው እችላለሁ፤ ያለማወቅ ነው…”

“አስተምረሽ የለ? ያውቃሉ። እያወቁ ነው የማይጠጡት።”

መዝገቡን ዘጋሁ።

“አሁንስ ደመላሽም ደሃ መሆኔን አይክድም” አለች፤ ሳቅ ሳቅ ብሏት ተወችው። “ክኒኑ ሰኞ ያልቃል። የዝውውር ወረቀት የሚሉት አለ አይደል? ጻፊልኝ፤ ከእንግዲህ እዚሁ ልውሰድ። ለመኪና ብር የምከሰክሰው ከማን ልደበቅ ብዬ ነው?”

“ወረቀቱን የሚጽፈው ሆስፒታሉ ነው” አልኩ። ስናገረው ለራሴም አስጠላኝ። “አንድ ጊዜ መሄድ አለብዎት።”

“እንደገና?”

“አንድ ጊዜ ብቻ።”

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ፖስተር ትንሽ አየችው። ከዚያ ደብተሩን ከመቀነቷ ውስጥ ከትታ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

በሩን ስትከፍተው ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ወሬ ቀጥ አለ።

“እንደምን አደራችሁ” አለቻቸው።

የመለሰላት ሰው ካለ አልሰማሁም። ወጥታ በሩን ዘግታዋለች።