የአቃቤ ሕግ ሃርምሰን ሰባተኛ ካርቶን

አቃቤ ሕግ ሃርምሰን ሲሞቱ ባለቤታቸው ወረቀታቸውን ሁሉ በአሥራ አንድ ካርቶን አድርገው እኛ ቤተ መዛግብት አወረዱት። ግማሹ ሻጋታ ይሸታል። ሃርምሰን ከጦርነቱ በኋላ የኖሩት ሐኪሞችን ሲከሱ ነው፤ በናዚ ጊዜ ሕመምተኛ የገደሉ፣ ሕፃናት የገደሉ ሐኪሞችን። ብዙዎቹ ላይ ማስፈረድ አልቻሉም።

የእኔ ሥራ ስፒል መንቀል ነው። የዛገ ብረት ወረቀት ስለሚበላ፣ ማህደሩ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስፒሉም ሽቦውም ይነቀልለታል፤ ከዚያ ገጹ ይቆጠርና በነጭ ክር ይታሰራል። ማንበብ አይፈቀድም። ስቀጠር ምዬ ፈርሜያለሁ፤ ያየሁትን ደጅ ካወጣሁ በዚያው ቀን እባረራለሁ። ባለቤቴን ኤኖን የመርከብ ፋብሪካው ከቀነሰው ወዲህ የምንኖረው በእኔ ሥራ ነው።

ሰባተኛውን ካርቶን የከፈትኩት ረቡዕ ጠዋት ነው። ያን ሳምንት ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ልጄ ታልኬ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ሰኞ ዕለት ለሦስት ሳምንት ምርመራ የሕፃናት ክሊኒክ አስተኝተናታል። ወላጅ የሚገባው እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም በኮሪደሩ መስታወት አሻግሮ ለማየት። ልጅ እናቱን ካየ ያለቅሳል፣ ካለቀሰ አይድንም ይላሉ። ከሰኞ ጀምሮ የሞቷን መርዶ ስጠብቅ ነበር። ኤኖ፣ ደመና ሳታዪ ጎርፍ የሚወስድሽ ሴት ነሽ ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ነኝ።

ስፒሉ አራት ወረቀት አንድ ላይ ይዟል። በቢላ ጫፍ ከዝገቱ ጋር ስታገል ዓይኔ የላይኛው ደብዳቤ ላይ አረፈ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው የተጻፈ የአንዲት እናት የእጅ ጽሑፍ ነው። ልጄን ሪክሌፍን እሑድ በመስታወት አየሁት፣ ከስቷል፣ አላወቀኝም፤ እባክዎ ጌታዬ ይስጡኝና ልውሰደው፣ አለመራመዱንም አለመናገሩንም ችዬው እኖራለሁ ትላለች። ሁለተኛው ወረቀት መልሱ ነው፤ በታይፕ የተመታ ሦስት መስመር። የወላጅ ጉብኝት ሕፃኑን ስለሚረብሸው ለጊዜው ተከልክሏል። ሦስተኛው የሞት ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱ የሳንባ ምች። አራተኛው አንዲት ነርስ ለሃርምሰን የሰጠችው ቃል። ልጁ አራት ዓመቱ እንደነበር፣ ማስተኛ መድኃኒት በገንፎው እየተጨመረለት መጠኑ ቀን በቀን ከፍ ይል እንደነበር፣ ሳንባው ውሃ እስኪቋጥር ስድስት ቀን እንደፈጀ፣ ሐኪሙም በየጠዋቱ ጆሮውን ልጁ ደረት ላይ ጥሎ አዳምጦ "ገና ነው" ይል እንደነበር ተናግራለች።

የሐኪሙ ስም ኦስተርሎ ነው። የታልኬ ሐኪም።

ሰኞ ዕለት ያ ሰውዬ እዚያው ፊቴ ጆሮውን ልጄ ደረት ላይ ጥሎ፣ የሳሙና ሽታ ያለው ሽበቱ አገጯን እየነካ፣ "ጎበዝ፣ የኔ ወፍ" ብሏት ነበር። እኔም አመስግኜዋለሁ።

ማህደሩ መጨረሻ ላይ የመዝገብ መዝጊያው አለ። ተከሳሹ ልቡ ደካማ ስለሆነ ችሎት መቆም አይችልም ይላል፤ ሦስት የሙያ ባልደረቦቹ ፈርመውለታል። ሃርምሰን ከዳር በእርሳስ፣ "ቅዳሜ ቴኒስ ሲጫወት አየሁት" ብለው ጽፈዋል። አለቀ። የቀረነው የከተማው ሰዎች ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን እየጎተትን ወሰድንለት፤ ለገና ዝይ ላክንለት።

ገጹን ሳልቆጥር ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሲስተር ኤርምጋርድ ቆመችብኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

"እሑድ ይምጡ፣ ወይዘሮ ብሩንስ። እዚህ አገር የወለዱት እርስዎ ብቻ አስመሰሉት እኮ።"

አልጮህኩም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ልጄን ሳልይዝ አልነሳም አልኩ። አጠገቤ አንዲት ወጣት እናት ወንድ ልጇን አቅፋ፣ ክሊኒኩ ልታስተኛው ተራ ትጠብቃለች። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ አንገቱን አላጸናም።

ኦስተርሎ ራሱ መጣ። ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሳበልኝ። እጁ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ጥፍሮቹ ተሞርደዋል። ምን እንዳስጨነቀኝ በዚያ በሚያባብል ድምፁ ጠየቀኝ። ላለመናገር ታገልኩ፤ አልቻልኩም።

"ሪክሌፍ" አልኩት።

አሰበ። ማስመሰል አልነበረም፤ ስሙን በእርግጥ ረስቶታል። ከዚያ የት እንደምሠራ ትዝ አለው መሰለኝ ፈገግ አለ።

"የሃርምሰን ወረቀት እናንተ ዘንድ ገብቷል ማለት ነው። ነፍሱን ይማር፣ ግትር ሰው ነበር።"

አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። ጉዳዩ በሕግ ተዘግቷል አለ፤ ጊዜው ሌላ ጊዜ ነበር አለ፤ እነዚያ ልጆች ለራሳቸውም ለወላጆቻቸውም ሸክም ነበሩ አለ። ይህን ሁሉ ሲል ከጠረጴዛው ላይ የኬክ ፍርፋሪ በእርጥብ ጣቱ እየለቀመ ይበላ ነበር። ሲጨርስ አንድ ቅጽ ገፋልኝ።

"ልጅዎን ይውሰዱ። በራሴ ኃላፊነት ብለው ይፈርሙ። እኔ አለቃዎ ጋ አልደውልም፤ እርስዎም ምንም አላነበቡም። ተግባባን፣ እመቤቴ?"

ስለ ኤኖ፣ ስለ ቤታችን አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ምንም አላሰብኩም። ፈረምኩና ራሴን ነቀነቅሁ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ሞቃት ነበር።

ታልኬን በሌሊት ልብሷ ላይ ኮቷን ደርበው አመጡልኝ። ደህና ናት። "እማ፣ እሑድ ሆነ እንዴ?" አለችኝ።

ስንወጣ ያቺ ወጣት እናት ተነሳች። ልጄ ድና የምትወጣ መስሏት ፊቷ በራ። ከአንድ ደሴት በጀልባ እንደመጣች፣ ልጇ ዮስት እንደሚባል፣ ሰው ሁሉ የዶክተር ኦስተርሎን እጅ እንዳመሰገነላት ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥሩ ሐኪም ናቸው?"

የቢሮው በር ክፍት ነው። እሱ ደፉ ላይ ቆሞ በትሕትና ይጠብቃል።

"ንጹሕ ቦታ ነው" አልኳት።

አመሰገነችኝና ልጇን ለሲስተር ኤርምጋርድ አቀበለች። ታልኬ ለልጁ እጇን አውለበለበችለት።