የኦዲየርን ልብ

«ያን ሽማግሌ ከበር ላይ አስወግዱልኝ» አለች ወይዘሮ ኤርመንጋርድ፣ የልዑሉ እህት፣ ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። «እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሱን ፊት ነው። ሐዘኑ አይበቃንም?»

ጥቁር በለበሰው ክፍል ቅመም የገባበት ትኩስ ወይን ይዘው የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ሽማግሌው ጎስላን ከበሩ ንቅንቅ አላለም። አርባ ዓመት ሙሉ ከበር ሲገፋ የኖረን ሰው ስድብ አያንቀሳቅሰውም። ስድቡን ግን አንድ በአንድ ይዞታል።

አልጋው ላይ የሟቿ የኦዲየርን አንድያ ልጅ ፔሮኔል ተጋድማለች፤ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ። እናት የሞተባት የንጉሥ ዘመድ ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አትወርድም፤ ለቀስተኛውንም ተኝታ ነው የምትቀበለው። ዛሬ ስምንተኛው ነው። ስትነሣ የንጉሡ የአጎት ልጅ፣ ሁለት ሚስት የቀበረ ሰው፣ አዳራሽ ይጠብቃታል። ቆማ፣ እጇን ወንጌል ላይ ጭና እሺ ስትል፣ ከእናቷ የወረሰችው አገር፣ ቫልሶር፣ አብሯት ይሄዳል።

«አጎቴ» ብላ ጎስላንን ጠራችው።

«አጎቴ!» አለች ኤርመንጋርድ። «የወንድሜ ልጅ የሞግዚትን ልጅ አጎቴ ስትል ስሙልኝ እስቲ!»

«እናቴ ናት እንዲህ በይው ያለችኝ። አንድ ጡት ነው የጠባነው ትል ነበር።»

እውነቷን ነው። የጎስላን እናት ቫልሶር ውስጥ ኦዲየርንን በአንዱ ጡቷ፣ እሱን በሌላው ይዛ አሳደገች። የኦዲየርን ወንድሞች በፈንጣጣ ሲያልቁ አገሩ እሷ እጅ ላይ ወደቀ፤ ስለዚህም በዐሥራ አንድ ዓመቷ ለንጉሡ ወንድም፣ ለልዑሉ፣ ዳሯት። ከዚያ ወዲያ አገሯን አላየችም። ባሏ ግብሩን ሲበላ እሷን አንድ ቀን እንኳ ሂጂ አላላትም። ጎስላን ቫልሶር ደርሶ በመጣ ቁጥር እጁን ትይዘው ነበር።

«የፖም ዛፎቹ አበቡ?»

«አብበዋል እመቤቴ። ቅርንጫፉ አይታይም።»

የልዑሉ ሰዎች ለማገዶ ከቆረጧቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዓይኗን ጨፍና አየሩን ስትስብ እያየ እንዴት ብሎ ይንገራት?

የመጨረሻ ቃሏም ይኸው ነበር፤ ሥጋዬ የትም ይሁን፣ ልቤን ግን አገሬ ቅበሩልኝ። እንደ ወጉ ልቧን አውጥተው በትንሽ የብር ሣጥን አሽገውታል።

«ልቧም ሥጋዋም ከነገሥታቱ ገዳም ነው የሚያርፈው» አለች ኤርመንጋርድ፣ ጎስላን ሊለምናት ሲጠጋ። «ዛሬ ልቧን ብንሰጣቸው፣ ነገ የቫልሶር ባላባቶች ልጅቷንም ስጡን ይላሉ። አንተን ምን ጨነቀህ? ወተቱን ጠጥተሃል፣ ይበቃሃል።»

በዐሥረኛው ቀን ጧት ሴቶቹ ልብስ ይዘው ሲገቡ ፔሮኔል እንደተጋደመች ናት።

«ተነሺ እንጂ! ሰውዬው እኮ ይጠብቃል።»

«ሐዘኔ አልወጣልኝም፣ አክስቴ።»

«ዘጠኝ ቀኑ አልቋል!»

«የእናቴ ልብ ወደ አገሯ ሳይሄድ አልነሣም። ጎትቱኝ እንግዲህ! ሐዘንተኛን ከአልጋ የጎተተ ምን ይባላል?»

ታላላቆች ወግ አያፈርሱም፤ የሚያፈርሱት ሰውን ብቻ ነው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሙሽራው ሊሄድ ፈረሱን አስጫነ። በማግሥቱ ልዑሉ ላከ። ልቡ ይሂድ፤ ግን ያለ አጃቢ፣ ያለ ካህን። ሽማግሌው በበቅሎ ይውሰደው።

ጎስላን ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «ልጄ፣ እኔ ስወጣ ልትነሺ ነው?»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ሰውዬው ሽበታም ነው።»

«በመስኮት አይቼዋለሁ። አረማመዱ እንደ ዳክዬ ነው።» ሳቅ አለች። «ቫልሶርን እንዳይ ይፈቅድልኝ ይሆን፣ አጎቴ?»

ለእናቷ ዘጠኝ ዓመት የዋሸ አፍ ለልጇ እምቢ አለው። እጇን ስሞ ወጣ።

ግቢው ውስጥ ዝናብ ያካፋል። «ሣጥኑን ወዲህ በለው» አለው በቅሎ ጫኚው፣ «ከስንቁ ጋር ኮሮጆው ውስጥ ልክተተው።»

ጎስላን በቅሎዋ ላይ ወጥቶ የካባውን ቁልፎች ፈታ፤ ሸሚዙንም ገለጠና ሣጥኑን ገላው ላይ አኖረው። ብሩ እንደ በረዶ ነበር። ሙቀቱ እስኪገባው ድረስ ዝናቡ ውስጥ ጠበቀ፤ ከዚያ በቅሎዋን በተረከዙ ነካት።