ወይ ዕድሜው፣ ወይ ወተቱ

ከወግዲ እስከ አጅባር ያለውን ሽማግሌና ባልቴት በስም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ንጉሡ ወርደው መሬት ላራሹ በታወጀበት በስልሳ ሰባት፣ አቶ ክንፈ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር መካነ ሰላም መጥቶ «ከአዛውንቶች የሚያገናኘኝ ሰው» ሲል አገሩ በሙሉ ወደ እኔ ጠቆመ። አገሩ ስል አሰጋሽን ማለቴ ነው። ክንፈ ያረፈው እሷ ቤት ነበር። እሷ ባሏ የሞተባት፣ እኔ ሚስቴ የሞተችብኝ ነን፤ ነገራችን ሽማግሌ መላክ ላይ ባይደርስም መንገድ ጀምሮ ነበር። ዕድሜዬን ስትጠይቀኝ «አርባ» ብያታለሁ።

የክንፈ ጥናት እንዲህ ነው። ያለፈው ረሀብ ጎልማሳውን ሲጥል አንዳንድ አዛውንት ቆመው ቀሩ፤ ዛሬም ይሄዳሉ፣ ይሠራሉ፣ ይስቃሉ። በምን ጉልበት? ሚዛን ይዟል፣ የእጅ ጉልበት የምትለካ ባለ መርፌ ብረትም ይዟል። እኔ አንዴ ብጨብጣት መርፌዋ ወደ ቦታዋ ሳትመለስ ቀረች።

መጀመሪያ የወሰድኩት እማ ኑርጃን ዘንድ ነው። ስወለድ እናቴ ታማ ጡቷ ደረቀ። ጎረቤታችን ኑርጃን የመጨረሻ ልጇን ጀብሪልን ታጠባ ስለነበር ቀኙን ለሱ፣ ግራውን ለኔ ሰጠች። ወፍራሙ ወተት የግራው ነው።

በረሀቡ ጊዜ ጧሪ የሌላቸውን አሥራ ሁለት አዛውንት፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ በየማለዳው ቤቷ ሰበሰበች። ያለው አንድ እፍኝ ጥሬ ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ባዶ እጁን ይመጣል፤ የተገኘው አንድ ድስት ይገባል። ሥጋ ቢኖር ማን ባረከው ተብሎ ይለያዩ ነበር፤ ሥጋ ግን ከየት ይምጣ። ሳይመጣ የቀረ ሰው ካለ ከዘራዋን ይዛ ደጁ ድረስ ሄዳ ትቆማለች። «አብሽር» ትላለች። አይዞህ ማለት ነው፤ እሷ ስትለው ግን ተነሥ ማለትም ነበር።

ክንፈ ይህን ሲሰማ እርሳሱ ፈጠነ። «ለአዛውንት መጠለያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ» አለ። «እያንዳንዱን ለብቻው ክፍል ሊያስገቡት ነው። ይህን ገጽ ካሳየኋቸው ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።»

«እንዲያ ከሆነ አጥብቀህ ጻፈው ልጄ» አለች እማ። «ለብቻው የተዘጋበት ሰው ቢበላስ ምን ይጠቅመዋል?»

ዕድሜዋን ጠየቃት። «እኔ ምን አውቄ» አለች። እኔ አወቅኩ። «መቶ አሥራ አምስት» አልኩ። ስለጣፈጠኝ የሌሎቹንም ከመቶ በታች አላወረድኩም።

በማግስቱ ክንፈ እማንና እኔን አሰጋሽ ደጅ አስጠራን። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

አሰጋሽ አጠገባችን ዳቦ ትቆርሳለች። «አርባ» አልኩ።

«እማማ ኑርጃን አጥብተውዎታል?»

«በግራ ጡቷ።»

«በሰባ አምስት ዓመታቸው?»

ዓይኔን ወደ ዳቦው መለስኩ።

«ወይ ዕድሜው፣ ወይ ወተቱ ውሸት ነው» አለ ክንፈ። «አንዱ ከተዋሸ የተቀረውን ማን ያምነኛል? ገጹን ቀድጄ ልጥለው ነው።» ወረቀቱን ከጥጉ ያዘው።

እማ ወደ እኔ ዞረች። «ወተቴን አስዋሸኸው?» አለች ቀስ ብላ። ብትሰድበኝ እችለው ነበር።

በሕይወቴ ስጨምር እንጂ ስቀንስ የታየሁ ሰው አይደለሁም። «ቆይ» አልኩ። «ከብቱ ያለቀበት የጥንቱ ክፉ ቀን ሲመጣ እማ እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ሰማንያ አራት ናት። የቀረው የኔ ጭማሪ ነው።»

ክንፈ አሰላ። «እንግዲያው በአርባ አራት ዓመታቸው አጠቡዎት። እሱም ይከብዳል።»

«በሠላሳ አራቷ ነው» አልኩ፣ አሰጋሽን ሳላይ።

የአሰጋሽ ቢላዋ ቆመ። «ታዲያ አንተ ሃምሳ ነህ?»

«ሃምሳ ነኝ።» ድምፄ እስከ ከላላ ከተማ ድረስ የተሰማ መሰለኝ።

«እኔ ደግሞ ስድሳ መስሎኝ ችዬህ ነበር» አለችና ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋችው።

ክንፈ ወረቀቱን ለቀቀው። የሌሎቹን ዕድሜ በሰገሌ ጦርነትና በኅዳር በሽታ እያስታወስን እንደገና ቆጠርን፤ ከመቶ ወርደው ሰባም ሰማንያም ገቡ። «ከአሥራ ሁለቱ ስንቱ ተረፉ?» ሲል «ሁሉም» ልል አፌን ስከፍት እማ ቀደመችኝ።

«አሥር» አለች። «ሷሊህና አልታዬ ሞተዋል። እነሱንም ጻፍ። ብቻቸውን አልሞቱም።»

ክንፈ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጻፈ።

ሊነሣ ሲል እማ ባለ መርፌዋን ብረት አንሥታ ጨበጠች። ያቺ ቀረች ያልኳችሁ መርፌ ተንቀሳቀሰች። የት እንደደረሰች ክንፈን ጠይቁት፤ እኔ ከነገርኳችሁ መጨመሬ አይቀርም፣ የእማ ቁጥር ደግሞ ጭማሪ አይፈልግም።